አየርን ተራራ ላይ የመዘኑት ሰዎች

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1648፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። በፈረንሳይዋ ክሌርሞን ከተማ፣ በአንድ ገዳም የአትክልት ቦታ ካህናት፣ ሹማምንትና አንድ ሐኪም ተሰብስበዋል። ሁለት ረጃጅም የመስታወት ቱቦዎች ሜርኩሪ ተሞልተው፣ ሜርኩሪ በያዘ ሳህን ውስጥ በአፋቸው ተደፉ። በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ወረድ አለና በሁለቱም እኩል 71.2 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆመ።

ለምን ሁሉም አልፈሰሰም? ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ ከአራት ዓመት በፊት መልሱን ሰጥቶ ነበር፦ ሳህኑን የተጫነው የአየር ክብደት ደግፎት ነው። ብዙ ሊቃውንት ግን «ተፈጥሮ ባዶ ቦታን ትጸየፋለች» ከሚለው የጥንት ትምህርት ንቅንቅ አላሉም። ፈረንሳዊው ሊቅ ፓስካል ክርክሩን የሚቆርጥ ፈተና አገኘ። አየር ከከበደ፣ ተራራ ላይ ከበላያችን የሚቀረው ስለሚያንስ ሜርኩሪውም ዝቅ ማለት አለበት። ተፈጥሮ ግርጌ ላይ የምትጸየፈውን ጫፍ ላይ ትታገሠዋለች የሚል መቼም አይኖርም! ፓሪስ ተራራ የላትምና ክሌርሞን ለነበረው ለእህቱ ባል ለፔሪዬ ሙከራውን እንዲያደርግለት ጻፈለት።

ፔሪዬ አንዱን ቱቦ እዚያው ትቶ፣ አባ ሻስታን የተባሉ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቁት አደራ አላቸው። ሌላውን ይዞ ከሌሎቹ ጋር ፑይ ደ ዶም ተራራን ወጣ። ጫፉ ላይ ሜርኩሪው 62.7 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ሰዎቹ ዓይናቸውን ማመን ስላቃታቸው አምስት ጊዜ ደጋገሙት፤ እዚያ ባለው ቤተ ጸሎት ውስጥ፣ ደጅ፣ በነፋስ፣ በጭጋግ፣ በዝናብ። ያው ነው። ሲወርዱ በአባ ሻስታን ቱቦ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ከቦታው ፈቀቅ አላለም። ዛሬ የግፊት መለኪያ አሃዱ በፓስካል ስም ይጠራል፤ ይገባዋልም። እኔ ግን ለመነኩሴው አደላለሁ። እሳቸው ባይቀመጡ ኖሮ «የዕለቱ አየር ተለውጦ ነው» ብሎ ነገሩን ማጣጣል ቀላል ነበር።

የፑይ ደ ዶም ከፍታ 1,465 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ በ900 ሜትር ገደማ ትበልጠዋለች። ያ ቱቦ እዚህ ቢተከል ሜርኩሪው 57 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይቆም ነበር። አየሩ ስለሳሳ ውሃችን በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ እሳቱን ቢያነዱበትም ከዚያ አይሞቅም። ሽምብራው ጅቡቲ ቢጣድ ፈጥኖ ይበስል የነበረው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጠጥተው፣ ጥብቅ አድርገው የከደኑት ባዶ የውሃ ላስቲክም ድሬዳዋ ሲደርስ ጎኑ ሰርጉዶ ይገኛል። ማንም አልተቀመጠበትም፤ የቆላው አየር ነው የጨመደደው።