የራኩን ወስፋትና የሕፃናት አንጎል

በሰሜን አሜሪካ ደንና ከተማ የሚኖረው ራኩን በቀጭን አንጀቱ ውስጥ ባሊሳስካሪስ ፕሮሲዮኒስ የተባለ ድቡልቡል ትል ይሸከማል። ትሉ እኛ ከምናውቀው የሰው ወስፋት ጋር ይዛመዳል። ሴቴዋ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትረዝማለች፤ በቀን ከ100 ሺህ በላይ ዕንቁላል ትጥላለች። ራኩኑን እምብዛም አይጎዳውም። በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ በተመዘገቡት ጥቂት ሕሙማን ቁጥር ሳይሆን አንድ ሕፃን ባንድ ጊዜ ሊውጠው በሚችለው የዕንቁላል ብዛት መመዘን አለበት።

ራኩን በዘፈቀደ አይጸዳዳም። የዛፍ ሥር፣ የወደቀ ግንድ፣ የማገዶ ክምር ወይም የቤት ጣሪያ መርጦ እየተመላለሰ ይጠቀምበታል፤ ብዙ ራኩኖችም አንዱን ቦታ ይጋራሉ። አዲስ የወጣ ዕንቁላል ወዲያው አይበክልም። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ እጩ በውስጡ ያድጋል፤ ከዚያ በኋላ እርጥብ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በረኪና አይገድለውም፤ የሚገድለው የፈላ ውሃ ወይም እሳት ነው። ከዓይነ ምድሩ ውስጥ ያልተፈጨ ፍሬ ሊለቅሙ አይጦችና ወፎች ይመጣሉ፣ ዕንቁላሉንም አብረው ይውጣሉ። እጩ የአይጧን አንጎል ሲያበላሽባት ሚዛኗን ትስታለች፣ ለመሸሽም አቅም ታጣለች፤ ራኩን ይበላታል፤ የትሉም ዑደት ይሞላል። ዕንቁላሉን የዋጠ ሰው በዚህ ዑደት ውስጥ የሚገባው በአይጧ ቦታ ነው።

በሰው አንጀት የተፈለፈሉት እጮች ግድግዳውን በስተው በጉበትና በሳንባ በኩል ወደ መላ ሰውነት ይሰራጫሉ። ለአካለ መጠን አይደርሱም፤ ነገር ግን እየተጓዙ ያድጋሉ። ዓይን ውስጥ የገባ አንድ እጭ ብቻውን ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል። አንጎል ውስጥ የገቡት ደግሞ ሕዋሳቱን እየቀደዱ ሲያልፉ ብርቱ ብግነት ይከተላል፤ ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳትም በደምና በሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ ይበዛሉ። በሕክምና መጽሔቶች ላይ መጀመሪያ የተገለጹት ሁለት የሞት አጋጣሚዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 የታተሙት፣ የፔንሲልቬንያ የ10 ወር ሕፃንና የኢሊኖይ የ18 ወር ሕፃን ናቸው። ዕድሜያቸው በአጋጣሚ የተመሳሰለ አይደለም፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ እየዳኸም ሆነ እየተራመደ ያገኘውን አፈርና የዛፍ ቅርፊት ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ነገሩን በሌላ በኩል አሳይቷል። በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ አካባቢ ከተመረመሩ 150 ጤነኛ አዋቂዎች በ11ዱ ደም ውስጥ የዚህ ትል ፀረ እንግዳ አካላት ተገኝተዋል። ስለዚህ መበከሉ ከታሰበው በላይ የተለመደ ነው ማለት ነው። ያለ ምልክት ያለፈውን ሰው ከሞተው ሕፃን የሚለየው በዋነኝነት የተዋጠው ዕንቁላል መጠን ይመስለኛል። ጥቂት ዕንቁላል ሰውነት ሊቋቋመው ይችላል፤ ከመጸዳጃው ቦታ የተወሰደ አንድ እፍኝ አፈር ግን በሺዎች የሚቆጠር ሊይዝ ይችላል።

መፍትሔውም ከዚሁ ይመነጫል። ራኩኖችን መግደል ብዙ አይጠቅምም፤ የሞተውን ቦታ ሌላ ይይዘዋል። የሚጠቅመው ዓይነ ምድሩን ዕንቁላሉ ሳይበስል ማንሳት፣ ቆሻሻ መጣያን መክደን፣ የውሻና የድመት ምግብ ደጅ አለማሳደር፣ የልጆች መጫወቻ አሸዋን መሸፈን ነው። በሰሜን ኢንዲያና የተደረገ ሙከራ መጸዳጃዎቹን ማጽዳትና የትል መድኃኒት ያለበት ማጥመጃ ምግብ መበተን ብክለቱን እንደሚቀንሱ አረጋግጧል።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ልጆች ለሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ ራኩን በየጓሯቸው አለ። ወስፋት በአንድ ፍሬ ክኒን ሲድን አይተው ያደጉ ወላጆች የራኩኑንም እንደዚያው ቢያስቡት አይፈረድባቸውም። እዚህ ግን ምልክት እስኪታይ የጠበቀ ሰው ዘግይቷል፤ የጠፋ የአንጎል ሕዋስ በመድኃኒት አይመለስም፣ ከሞት የተረፉትም ብዙዎቹ ከከባድ ጉድለት ጋር ይኖራሉ። ልጁ ከራኩን መጸዳጃ አፈር መብላቱ ከታወቀ ሐኪሙ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠብቅ፣ ቢቻል በሦስት ቀን ውስጥ፣ አልቤንዳዞል ሊያስጀምረው ይገባል።