የካንሰር ሕሙማንና ነርሶቻቸው በመቐለ

በመቐለ ካንሰር የያዘውን ሰው ማጽናናት ለረጅም ዘመን የቤተሰብና የንስሐ አባት ሥራ ነበር። ሕመሙ የጠናበት ጠበል ይወሰዳል፣ ዘመድ በየተራ ያስታምመዋል። ሐኪም ዘንድ ከተደረሰም በኋላ የምርመራው ውጤት የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ለቤተሰብ እንጂ ለታማሚው አልነበረም። ቁርጡን መስማት ተስፋ ያስቆርጣል ተብሎ ይታመናልና ልማዱ ከርኅራኄ የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ ታማሚው ነገሩን ከአስታማሚዎቹ ፊት ማንበቡ አይቀርም፤ ፍርሃቱንም ብቻውን ይሸከመዋል።

ሪፈር የተጻፈለት ወደ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት መሣሪያ የተጀመረው የጨረር ሕክምና ከሃያ ዓመት በላይ በሀገሪቱ ብቸኛው ነበር። ከትግርኛ ሌላ የማያውቅ አዛውንት እዚያ ሲተኛ ከነርስ የሚነጋገረው በልጁ በኩል ነው። አባት ደግሞ ሞት መፍራቱን በልጁ አፍ አያስነግርም።

በመቐለ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው፣ 500 ያህል አልጋ የያዘው ዓይደር ሆስፒታል በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ኋላ ኬሞቴራፒ እዚያው መሰጠት ሲጀምር ታማሚው በቋንቋው የምታናግረው ነርስ አገኘ። ከመድኃኒቱ ቀጥሎ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። ኬሞ በደም ሥር ለሰዓታት ይንጠባጠባል። ነርሷ ደጋግሞ በተወጋ ክንድ ላይ ደህና ደም ሥር ስትፈልግ፣ ጠብታውን ስታስተካክል፣ ማቅለሽለሹን ስትጠይቅ፣ ለሐኪም ያልተነገረው ይወጣል፦ ፀጉሬ ይመለሳል? ልጅ እወልዳለሁ? በ1959 ዓ.ም. በለንደን የመጀመሪያውን ዘመናዊ ሆስፒስ (የማይድን ሕመም የያዛቸው ስቃያቸው የሚታገስበት ቤት) የከፈቱት ሲስሊ ሳንደርስም ሥራቸውን የጀመሩት በነርስነት ነበር። የታማሚ ሕመም የሥጋ ብቻ ሳይሆን የመንፈስ፣ የኑሮና የእምነትም ነው ያሉት አልጋ አጠገብ ቁጭ ብለው ካዳመጡት ተነሥተው ነው።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የጀመረው ጦርነትና ተከትሎት የመጣው ከበባ ይህን ሥራ ክፉኛ ፈተነው። የካንሰር መድኃኒት አለቀ፤ ጓንት እየታጠበ እንደገና አገልግሎት ላይ ዋለ፤ የሆስፒታሉ ሠራተኞች ለወራት ያለ ደመወዝ ሠሩ። ለነርሶቹ የቀራቸው የሚቀጥለው ዙር ኬሞ እንደሌለ ለታማሚው መንገር፣ ከነገሩትም በኋላ አብሮት መቆየት ነበር። ባዶ እጅን ይዞ ማጽናናት የሙያው እጅግ ከባድ ክፍል ነው። ጦርነቱን ካስቆመው የጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ መድኃኒት ቀስ በቀስ መግባት ቢጀምርም፣ ሕክምናቸው ከተቋረጠባቸው መካከል በሽታው ተስፋፍቶ የተመለሱ ነበሩ። ለእነዚህ ዋናው እንክብካቤ ስቃይን ማስታገስና ቤተሰብን ማዘጋጀት ሆነ።