የአንደርግራውንድ ሂፕ ሆፕ ሬዲዮ

የአንደርግራውንድ ሂፕ ሆፕ ሬዲዮ በ1990ዎቹ በአሜሪካ፣ በተለይም በዩኒቨርሲቲ ጣቢያዎች፣ በውድቅት ሌሊት ይተላለፉ የነበሩና ገና ውል ያላገኙ ራፐሮችን ለአድማጭ ያስተዋወቁ ፕሮግራሞች የጋራ መጠሪያ ነው። (በዚህ መጣጥፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጀማመርና አሠራር

ከፕሮግራሞቹ ሁሉ ስመ ጥር የሆነው፣ በሁለቱ አቅራቢዎቹ ስም የተጠራው «ስትሬች እና ቦቢቶ» በጥቅምት 1990 በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ፣ በደብልዩ ኬ ሲ አር 89.9 ተጀመረ። የአየር ሰዓቱ ከሌሊቱ 7 እስከ 11 ሰዓት ነበር። ጣቢያው ማስታወቂያ ስለማያስተላልፍ የትኛው ዘፈን እንደሚሰማ የሚወስኑት አቅራቢዎቹ ብቻ ነበሩ። ወጣት ራፐሮች የሙከራ ቅጂያቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ዲጄው ምት ሲያስገባላቸው እዚያው ግጥም ይፈጥራሉ። ናስና ውታንግ ክላን የመጀመሪያ አልበማቸውን ከማውጣታቸው በፊት በዚህ መድረክ ቀርበዋል፤ ጄይ ዚና ቢግ ኤል በ1995 አብረው ያቀረቡት ፍሪስታይልም እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የጣቢያው ሞገድ ከከተማዋ ብዙም አይርቅም፤ አድማጮች ግን በካሴት እየቀዱና እያባዙ ፕሮግራሙን ወደ ሌሎች ከተሞች አሻገሩት። «ዘ ሶርስ» መጽሔት በ1998 የምንጊዜም ምርጥ የሂፕ ሆፕ ሬዲዮ ፕሮግራም ብሎ ሰየመው፤ የሁለቱ አቅራቢዎች ጥምረት ያበቃውም በዚያው ዓመት ነው።

የ1996ቱ የአሜሪካ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አንድ ኩባንያ በአገር ደረጃ ሊይዝ በሚችላቸው የሬዲዮ ጣቢያዎች ቁጥር ላይ የነበረውን ገደብ አነሳ። ከዩኒቨርሲቲ ጣቢያዎቹ በተቃራኒ የንግድ ጣቢያዎች በጥቂት ባለቤቶች እጅ ሲገቡ የዘፈን ምርጫቸውም እየተመሳሰለ ሄደ።

የኢትዮጵያ ትስስር

በ1997 መታተም የጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘ የአልበሞች ተከታታይ ቀደምት የኢትዮጵያ ሸክላዎችን ለውጭ ሙዚቃ አቀናባሪዎች አደረሰ። በእነዚያ ሌሊቶች የተደመጠው ናስ በ2010 ከዴሚየን ማርሊ ጋር የሠራው «አዝ ዊ ኢንተር» ዘፈን የተገነባው በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። የካሊፎርኒያው አቀናባሪ ኦ ኖም በ2009 «ኢትዮፒየም» የተሰኘ አልበሙን ከኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅንጣቢ ሠርቷል። ከዳያስፖራው ደግሞ የሲያትሉ ራፐር ገብርኤል ቴዎድሮስ በ2007 «ላቭወርክ» የተሰኘ አልበም፣ በ2012 ከበርንትፌስና ከመክሊት ሀደሮ ጋር በኮፐርዋየር ቡድን «ኧርዝባውንድ» የተሰኘ አልበም አውጥቷል፤ በኋላም በዚያው ከተማ በኬ ኢ ኤክስ ፒ ሬዲዮ አቅራቢ ሆኗል።

አሶሳና የኢትዮጵያ የአየር ሞገድ

በኢትዮጵያ ተመሳሳይ ጣቢያ በዚያ ዘመን አልነበረም። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሥራ የጀመረው በ2000 ሲሆን ሸገር 102.1ን የመሳሰሉ የግል ጣቢያዎች የመጡት ከ2007 ወዲህ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ከአድማስ ብዙም ስለማያልፍ፣ ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቀው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋና ከተማ አሶሳ የመዲናዋን ማሰራጫዎች በቀጥታ መያዝ አትችልም። በ1990ዎቹ የሩቅ ድምፅ ወደ ክልሉ ይገባ የነበረው በአጭርና በመካከለኛ ሞገድ ነው። የኒውዮርክ አድማጮች የቀዷቸው ካሴቶች ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ተጭነው ስለሚገኙ፣ ያኔ በአንድ ከተማ ተወስኖ የነበረው ሥርጭት መስመር እስካለ ድረስ አሶሳም ላይ ይደመጣል።