ሁዋንግሻን፦ በግራናይት ገደል ላይ የተጠረበው የእግር መንገድ

በምሥራቅ ቻይና፣ በአንሁይ ግዛት ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው ሁዋንግሻን በስሙ አንድ ተራራ ይምሰል እንጂ ስም የወጣላቸው 72 ጫፎችን ያቀፈ የግራናይት ተራሮች ስብስብ ነው። ከሁሉም የሚልቀው የሎተስ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 864 ሜትር ከፍታ አለው። ይህ ቁመት ለደጋ ሰው ብርቅ አይሆንም። ሁዋንግሻንን ስመ ጥር ያደረጉት እንደ ዓምድ ቀጥ ብለው የቆሙት ገደሎቹ፣ በዓለት ስንጥቅ ሥር የሰደዱት ጥዶቹና ከእግራቸው ሥር የሚተኛው ደመና ናቸው። በዓመት ውስጥ ከ250 በሚበልጡ ቀናት ጭጋግ አያጣውም። ከዚህም የተነሣ የተራራው ክፍሎች የምዕራብ ባሕር፣ የሰሜን ባሕር፣ የሰማይ ባሕር እየተባሉ ይጠራሉ። ውኃ የሌለባቸው ባሕሮች ናቸው፤ ማዕበላቸው ደመና ነው።

ተራራው ቀድሞ ዪሻን ይባል ነበር። የአሁኑን ስያሜ ያገኘው በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ እ.ኤ.አ በ747 በወጣ የንጉሠ ነገሥት አዋጅ ነው። በአፈ ታሪክ የቻይናውያን አባት ተደርጎ የሚቆጠረው ቢጫው ንጉሥ ሁዋንግዲ የማይሞቱበትን መድኃኒት የቀመመው በዚህ ስፍራ ነው ስለሚባል ተራራው በእርሱ ስም ተሰየመ። ዕውቁ ተጓዥና ጸሐፊ ሹ ሺያኬ እ.ኤ.አ በ1616 እና በ1618 ሁለት ጊዜ ወጥቶበታል። ዩኔስኮ ደግሞ እ.ኤ.አ በ1990 በተፈጥሮም በባህልም የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል።

የዓለቱ ታሪክ ከዚህ ሁሉ ይርቃል። ከ100 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከመሬት ሆድ የተነሣ የቀለጠ ዓለት ወደ ገጽ ሳይወጣ በጥልቁ ቀዝቅዞ ግራናይት ሆነ። ምድሩ ወደ ላይ ሲነሣና የላዩ ሽፋን በጎርፍና በነፋስ ሲታጠብ ግራናይቱ ተጋለጠ። ዓለቱ ከላይ ወደ ታች የተሰነጠቀ በመሆኑ ውኃ በስንጥቁ ገብቶ በክረምት ብርድ ሲረጋ እየሰፋ ዓለቱን ፈለጠው። ዛሬ በጭጋግ መካከል የሚታዩት ቀጫጭን ዓምዶች ከዚያ ፍልጫ የተረፉት ናቸው።

በእነዚህ ዓምዶች መካከል ከሚያልፉት መንገዶች ሁሉ ግርማ ያለው የምዕራብ ባሕር ታላቁ ሸለቆ ነው። በሰሜን በኩል መግቢያው ፓይዩን በተባለው የድንጋይ ሰገነት አጠገብ ነው። ከዚያ መንገደኛው ሽቅብ ሳይሆን ቁልቁል ይጀምራል፤ ጫፎቹን ከላይ ከማየት ይልቅ ከመካከላቸው ገብቶ ከሥር ያያቸዋል። መንገዱ ሁለት ዙሮች አሉት። የመጀመሪያው አጭር በመሆኑ ብዙዎች እርሱን ብቻ ዞረው ይመለሳሉ፤ የሸለቆው ልብ ያለው ግን በሁለተኛው ነው። በዚያ ደረጃው ዓለቱን በስቶ ያልፋል፤ ዓለት በሌለበትም ከገደሉ ግድግዳ ወጥተው በተተከሉ ምሰሶዎች ላይ ይንጠለጠላል። መከለያው እስከ ወገብ ይደርሳል፤ ከእርሱ ማዶ ያለው አየር ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈትናል፤ ዝናብ ሲጥል ደረጃው ያዳልጣል።

ከሸለቆው ወለል ሁለት ምርጫ አለ። በሐዲድ ላይ የሚሳብ ተዳፋት ወጪ ባቡር መንገደኛውን በጥቂት ደቂቃ ወደ ሰማይ ባሕር ያወጣዋል። በእግሩ ልውጣ ያለ ደግሞ በሁለት ገደሎች መካከል የተዘረጋችውን ትንሿን የቡሺያን ድልድይ ተሻግሮ ይወጣል። ድካሙ ብዙ ነው፤ ሆኖም ከድልድዩ ላይ የሚታየው ገደል ባቡሩ የሚሰጠው አይደለም።

በመላው ተራራ የተጠረቡት ደረጃዎች ከ60 ሺህ ይበልጣሉ። ዴንግ ሺያኦፒንግ እ.ኤ.አ በሐምሌ 1979፣ በ74 ዓመታቸው ይህን ተራራ በእግራቸው ወጥተው ሥፍራው ለቱሪዝም እንዲለማ አሳሰቡ። ከዚያ ወዲህ በገመድ የሚንጠለጠሉ መጓጓዣዎች ተዘረጉ፤ ጎብኚውም በዓመት ሚሊዮኖችን ተሻገረ። ጥያቄው ያኔ መጣ፦ ዓለቱ ይችለዋል፤ በዓለቱ ላይ ያለው ስስ አፈርና ሣርስ?

አስተዳደሩ የመረጠው መፍትሔ ገበሬ የደከመ ማሳውን እንደሚያሳርፈው ያለ ነው። እ.ኤ.አ ከ1987 ጀምሮ ጫፎች በየተራ ይዘጋሉ። የሎተስ ጫፍና ጠባብ የዓለት ጀርባ ያለው ቲያንዱ ጫፍ እየተፈራረቁ ለዓመታት ያርፋሉ፤ በእነዚያ ዓመታት የተረገጠው ተክል ያገግማል፣ ደረጃና ሰንሰለት ይጠገናል። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚመጣ ሰው የተዘጋ በር ማግኘት ቅር ያሰኛል። ያም ሆኖ የተራራው ጠባቂዎች በዚህ ልማድ ጸንተዋል።

ከእግር ብዛት የሚብስ ጠላትም አለ። በዓይን የማትታይ ትል በጥንዚዛ ተሸክማ ከዛፍ ዛፍ እየተዛመተች ጥድን በአጭር ጊዜ ታደርቃለች። በሽታው በቻይና ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እ.ኤ.አ በ1982 ከሁዋንግሻን ብዙ በማይርቀው ናንጂንግ ነበር። ተራራውን ለመከላከል በዙሪያው 4 ኪሎ ሜትር ስፋትና ወደ 100 ኪሎ ሜትር ርዝመት ካለው ቀበቶ ጥድ ሁሉ እንዲወገድ ተደረገ። ጥድን ለማዳን ጥድ ተቆረጠ ማለት ነው። እንግዳ ተቀባዩ ጥድ በመባል የሚታወቀው፣ አንድ ክንዱን ወደ መንገዱ የዘረጋው ጥንታዊ ዛፍ ደግሞ እ.ኤ.አ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የራሱ ጠባቂ አለው። ጠባቂው ቅርፊቱንና ቅርንጫፎቹን እየመረመረ፣ በረዶ ሲከብድበት እያራገፈለት በአጠገቡ ይኖራል።

በጫፎቹ መካከል ለሚገኙት ሆቴሎች ከሚያስፈልገው ስንቅ ብዙው ዛሬም በሰው ትከሻ ይወጣል። ተሸካሚዎች በቀርከሃ ዘንግ ሁለት ጫፍ ሸክማቸውን አንጠልጥለው፣ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ዘንጉን በበትር ደግፈው እየቆሙ ደረጃውን ይወጣሉ። ከላይ ያለ ምግብና ውኃ ከታች ካለው የሚወደደው ስለዚህ ነው። መንገድ ለእነርሱ መልቀቅ የተራራው ወግ ነው።

ወደ ስፍራው መድረስ እ.ኤ.አ ከ2015 ወዲህ ቀሏል፤ ከሄፌይ ወደ ፉጆ የሚዘልቀው ፈጣን ባቡር በሰሜን ሁዋንግሻን ጣቢያ ይቆማል። ከጣቢያው በአውቶቡስ ወደ ተራራው ግርጌ፣ ወደ ታንግኮው ከተማ ይኬዳል። የምዕራብ ባሕር ሸለቆ ግን በክረምት፣ ደረጃው በረዶ በሚለብስባቸው ወራት ዝግ ነው፤ የሚከፈተውም በጸደይ ነው።