ከዓሪ እስከ አዳራሽ

አዋሽ በአቤ ሐይቅ ጉዞውን ከመፈጸሙ አስቀድሞ አፋምቦ ይደርሳል። በዚህ ሞቃት ምድር የአፋር አርብቶ አደር መኖሪያ ዓሪ ይባላል። ባለሙያዎቹ ሴቶች ናቸው፤ እንጨት አጉብጠው ያቆማሉ፣ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ሰሌን ያለብሳሉ፣ መንደሩ ሲነሣ ነቅለው በግመል ይጭናሉ።

ኢትዮጵያና ስዊድን በ1954 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሲመሠርቱ የሕንፃ ትምህርት በንድፍ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። በ1961 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽም፣ የአፈወርቅ ተክሌን የመስተዋት ሥዕል ይዞ፣ የአዳራሽ ውስጥ የታሪክ አንደበት ሊሆን እንደሚችል አሳየ። በዚያው ዐሥርት ዓመት ግን በታችኛው አዋሽ የጥጥ እርሻ ተስፋፍቶ የአፋር ግጦሽ ጠበበ። በብሎኬትና በቆርቆሮ የሚሠራ ቤት ሲመጣ ደግሞ ሙያው ከሴቲቱ እጅ ወደ ግንበኛው ተሻገረ።

እንግዲህ ለአፋምቦ የስብሰባ አዳራሽ ወይም ቤተ መጻሕፍት የሚነድፍ ተማሪ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ነፋሱ በየት ይገባል? መንገደኛ ቆሞ ዳጉ የተባለውን የወሬ ልውውጥ የሚያደርግበት ጥላ የት ነው? መልሱን የምታውቀው ዓሪ የምትሠራዋ እናት ናት። እርስዋ በንድፉ ምክር ካልተገኘች፣ አዳራሹ የሕዝብ ስም ይኖረዋል እንጂ ሕዝብ አይኖረውም።