የባላጋራ ሞትና የነገሥታት ኀዘን

ንጉሥ ዳዊት የሳኦልን ሞት በሰማ ጊዜ ልብሱን ቀደደ፤ አለቀሰም፤ ጾመም። ሳኦል ግን በዋሻና በበረሃ ሲያሳድደው የኖረ ባላጋራው ነበረ። ኋላም አበኔር በኢዮአብ እጅ በተገደለ ጊዜ፥ ዳዊት ከቃሬዛው በስተኋላ ሄዶ በመቃብሩ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ፤ ሕዝቡም ሁሉ በዚያ ቀን ደሙ በንጉሡ እጅ እንዳይደለ ዐወቀ። እንግዲህ ባላጋራን በአደባባይ መቅበር የርኅራኄ ሥራ ብቻ ሳይሆን ከሐሜት መዳኛም ነው።

በሀገራችንም ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት በመቅደላ በሞቱ ጊዜ፥ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በዚሁ ፈተና ላይ ቆሙ። ምኒልክ በልጅነታቸው ተማርከው በቴዎድሮስ ቤት ያደጉ፥ ልጃቸውንም ያገቡ፥ በ1857 ዓመተ ምሕረት ደግሞ ከመቅደላ ያመለጡ ናቸው። ሸዋ በቴዎድሮስ ክንድ ብዙ ተጎድቶ ነበርና ሞታቸው በተሰማ ጊዜ ደስታ ተደረገ። ምኒልክ ግን ይህ የሕዝቡን ልብ ለማሳረፍ የተደረገ መሆኑን፥ እርሳቸው ግን ዱር ገብተው ለአሳዳጊያቸው ሊያለቅሱ ይወዱ እንደ ነበረ ለአንድ የእንግሊዝ መልእክተኛ መናገራቸው ተጽፏል። ሰሙ ግብር፥ ወርቁ ልቅሶ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የልጅ ኢያሱ ነገር ነው። የምኒልክ የልጅ ልጅ፥ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ኢያሱ፥ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል ተብለው በተከሰሱ ጊዜ፥ አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከመሐላቸው ፈትተው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓመተ ምሕረት በመስቀል በዓል ከሥልጣን ተሻሩ። የክሱ እውነትነት እስከ ዛሬ ያከራክራል። አባታቸው ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ድል ሆነው ሲማረኩ፥ ልጃቸው ወደ አፋር በረሃ ሸሹ። በዚያን ዘመን ሰመራ ገና አልተቆረቆረችም፤ አዋሽም ዋና ስሙ ከባቡር ጣቢያው ጋር ነበረ። ወንዙ ባሕር ሳይደርስ በአውሳ ሐይቆች እንደሚያልቅ፥ የመኳንንቱም ትእዛዝ በዚያ ቆላ ኃይሉ ያልቅ ነበር። በመካከሉ አንድ ጊዜ ወጥተው በመቅደላ ቢዋጉም፥ እንደ ገና ያስጠጋቸው ይኸው በረሃ ነው። ጥር 3 ቀን 1913 ዓመተ ምሕረት ግን በጉግሣ አርአያ ሥላሴ እጅ ተያዙ።

ከዚያም በፍቼ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር ኖሩ። በ1924 ዓመተ ምሕረት አምልጠው እንደ ገና ቢያዙ በሐረርጌ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ፤ በኅዳር 1928 ዓመተ ምሕረትም በእስር እንዳሉ ዐረፉ። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበረ፤ የኢጣልያ አውሮፕላኖች ሕዝቡ ለኢያሱ እንዲነሣ የሚሰብክ ወረቀት ይበትኑ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በዚያው ወር ጦሩን ለመምራት ወደ ደሴ ሄዱ። ደሴ ደግሞ የንጉሥ ሚካኤል መናገሻ ናት፤ በዚያች ከተማ ለኢያሱ ድንኳን ተተክሎ ቢለቀስ ምን ይነሣ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። እንደ አበኔር ያለ በሕዝብ ፊት የታየ ቀብር ግን አልተደረገላቸውም። ስለዚህ ተገድለዋል የሚል ወሬ ተነሣ፤ ወሬውን የሚያጸናም የሚያፈርስም ማስረጃ አልተገኘም። ፍርሃቱ የሚገባ ነበር፤ ጸሎተ ፍትሐት ግን ስለ ነፍስ እንጂ ስለ ዘውድ የሚደርስ አይደለም፤ በሃይማኖት የተከሰሰም ቢሆን ዘመድ የሚያለቅስበት መቃብር አይነፈገውም።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በነሐሴ 1967 ዓመተ ምሕረት በወታደሮቹ እጅ በዐረፉ ጊዜ፥ ደርግ በሕመም ሞቱ ብሎ ከመናገር በቀር ሬሳቸውን ለማንም አላሳየም። በ1984 ዓመተ ምሕረት አጥንታቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ከመሬት በታች ተገኘ፤ የኢያሱ አያት ምኒልክ ባረፉበት በበዓታ ቤተ ክርስቲያንም ስምንት ዓመት ያህል ቆየ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓመተ ምሕረት፥ የጊዜው መንግሥት የመንግሥት ቀብር አላደርግም ቢል፥ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸሎቱን መርተው በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። የልጅ ኢያሱ አጥንት የት እንዳረፈ ግን እስከ ዛሬ በእርግጥ አይታወቅም።