የወንዝ አማና፦ ከሜክሲኮ እስከ አፋር



ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ቱቦ ውስጥ የጣልነው ፌስታል የት እንደሚደርስ አስባችኋልን? ጎርፍ ወደ ወንዝ፣ ወንዝም ወደ አቃቂ ይወስደዋል። ትንሹና ትልቁ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ተገናኝተው አዋሽ ይገባሉ። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ የአፋርን ምድር አቋርጦ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በዚያ ሁሉ መንገድ ከብቱን የሚያጠጣ፣ ውዱእ የሚያደርግ ወንድማችን አለ።

በ1911 የኅዳር በሽታ ከተማችንን ከፈጀ ወዲህ ነዋሪው በየዓመቱ ኅዳር 12 ሰፈሩን ጠርጎ ቆሻሻውን ማቃጠልን ልማዱ አደረገ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው የወንዝ ዳርቻ ልማት ይፋ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 በመላ አገሪቱ ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ ችግኝ ተከለ።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ውሃ በሚቀዳበት ስፍራ፣ በመንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳትን ከልክለዋል። ዑስማን (ረ.ዐ.) የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች ሰጡ። የሃሩን ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ ለሐጃጆች ውሃ ወደ መካ አስጠለፈች። እነርሱ ገንዘባቸውን አወጡ፤ ከእኛ የሚጠበቀው ያለውን አለማበላሸት ነው።

ዘመቻ ያጸዳውን ወንዝ በአንድ ክረምት ቆሻሻ መልሶ ይሞላዋል፤ ምንጩ ቤታችን ነውና። እናቶችና አባቶች! የዑድሒያው ፈርስ ቱቦ ውስጥ እንዳይገባ እንጠንቀቅ። የሰፈር ጽዳት ሲጠራ ልጆቻችንን አስከትለን እንውጣ። ከወንዙ በታች ያለው ሰው ሐቅ አለብን፤ ነገም እንጠየቅበታለን። አላህ (ሱ.ወ.) ይርዳን። አሚን።